ዝም ያለው ጓሮ

«ዛሬም ልጆቹ መጥተው ነበር» አለ እዝራ።

ሔርሞን የወተቱን ካርቶን እንደያዘች ዞረች። አራት ዓመት የሞላው ወንድሟ በፒጃማው ከጓሮው የመስተዋት በር ላይ ተለጥፎ ቆሟል።

«የምን ልጆች?»

«ሣራችንን የሚቆፍሩት ናቸዋ!» በጣቱ አሳያት። «እጃቸውን አልታጠቡም።»

ቀረብ ብላ አየች። ሣሩ እዚህም እዚያም ተገልብጧል፤ ሰው ብርድ ልብስ እየገለጠ የጠፋበትን ሲፈልግ ያደረ ነው የሚመስለው። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ሲሚንቶ ላይ ደግሞ የጭቃ እጆች ታትመዋል። አምስት አምስት ጣት ያላቸው፣ ቀጫጭን፣ ከእዝራ እጅ እንኳ የሚያንሱ እጆች። አንደኛው ያረፈው ራሱ መስተዋቱ ላይ ነው፤ በውጭ በኩል፣ ልክ በእዝራ ፊት ትይዩ።

ሔርሞን ጀርባዋን ቀዘቀዛት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ጅብ መጣ ተብላ የምትፈራበት ዕድሜ አልፏል። ቢሆንም ስልኳን አውጥታ ጎግል አደረገች።

«ራኩን ነው፤ ድመት የሚያክል የሌሊት አውሬ» አለች በመጨረሻ። «ከሣሩ ሥር ያለውን ትል ሊበላ ነው የሚቆፍረው።»

«ራኩን እጅ የለውም» አለ እዝራ። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

እናታቸው ቲጂ ከአረጋውያን መጦሪያው የሌሊት ሺፍት ጨርሳ ስትገባ ያንኑ አየች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የወይራ ዘይት ጠርሙስ ከኪችን አንሥታ ወጣች፤ የጓሮውን አራት ማዕዘን እየዞረች ዘይት ጠብ እያደረገች ጸለየች።

«በኢየሱስ ስም! ከዚህ ግቢ ውጣ!»

«ማሚ፣ ራኩን ነው እኮ።»

«ራኩንም ቢሆን ይውጣ!»

አባቷ ደረጄ ግን አልጸለየም። ተንበርክኮ ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ሳብ አደረገው። ሥር የሚባል ነገር የለውም። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ መጣ። ከሥሩ ባለው አፈር ውስጥ ጭንቅላታቸው ቡናማ የሆነ ነጫጭ ወፋፍራም ትሎች እንደ ጨረቃ ጎብጠው ተኝተዋል። አንድ፣ ሁለት አይደሉም፤ አፈሩ በሙሉ እነሱ ነው። ደረጄ ብድግ ብሎ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ፕሮግራሙ እኮ ደረሰ» አለ ለማንም ሳይሆን።

ፕሮግራሙን በቤታቸው የማያውቅ የለም። የራሳቸውን ቤት ገዝተው ወደ ኖርዝ ዮርክ ከመምጣታቸው በፊት ኤግሊንተን ዌስት አካባቢ ቤዝመንት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። መስኮቱ የሚያሳየው የአላፊ አግዳሚ እግር ብቻ ነው፤ ለአዲስ የባቡር መንገድ ሲቆፈር ደግሞ ሲኒው ሁሉ ከመደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል። እዝራ የተወለደው እዚያ ነው። ደረጄ በዚያ ቤት አንድ ቀን ተደፍቶ ሲጸልይ ለጌታ ቃል ገባ፤ የራሴ መሬት ሲኖረኝ ጉባኤውን ሁሉ ሰብስቤ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በግንባሬ መሬት ላይ ወድቄ አመሰግንሃለሁ አለ። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ የቸርቻቸው ሰዎች ሳሎን ውስጥ ዘምረው፣ ጸልየው፣ በልተው ይሄዳሉ። ደረጄ ግን ሳሎን አልፈለገም። ሣሩ ላይ ነው አለ። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ጫማውን አውልቆ፣ ሁሉም በግንባሩ።

ታዲያ ሣሩ እየሞተ ነው።

መጀመሪያ የዕፅዋት መሸጫ ሄዶ አንድ ጥቅል ይዞ መጣ። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ትናንሽ ትሎች አሉ፤ እነሱ ትልልቆቹን ትሎች ገብተው ይገድላሉ ተብሎ ነው የተሸጠለት።

«ትል ለማጥፋት ትል ገዝተህ መጣህ?» አለች ቲጂ። ሳቋ አላስቆም አላት።

«በሕይወት ያሉ ስለሆኑ ፍሪጅ ይፈልጋሉ ብሎኛል።»

«ከልጆቼ ምግብ ጋር? ሙት እንዳትሞክረው!»

ስለዚህ ትሎቹ በደረጄ የጭነት መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታቸው ሰነበቱ፤ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ደረቅ ሣር ላይ ተደፉ። ምንም ለውጥ አልመጣም። በነጋታው የጭቃ እጆቹ እንደ ልማዳቸው ሲሚንቶው ላይ ነበሩ።

ከአጥሩ ባሻገር ያለችው ጎረቤታቸው እማማ ጽጌ ይህን ሁሉ ታያለች። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የመጣች፣ ዕድሜ ልኳን የሆስፒታል ላውንድሪ ውስጥ ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ጓሮዋ ውስጥ አንዲት ዘለላ ሣር የለም። ሁሉንም አጥፍታ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ቢጫና ሐምራዊ የአገሩ አበቦች፣ ቁመቱ ሰው የሚያክል ሱፍ ተክላበታለች። ቀኑን ሙሉ ንብ እዝ ይልበታል፤ ወፍ ይንጫጫበታል። ደረጄ ጓሮዋን «ጫካው» ነው የሚለው።

«አቶ ደረጄ፣ ይህን ሣር ተወው» ብላው ነበር በአጥሩ በኩል። «እኔ በመከር ካርቶን አነጠፍኩበት፣ አፈርና ቅጠል ደፋሁበት፤ በጸደይ ጠፍቶ ጠበቀኝ። ምን ያደርግልሃል? በግ አታረባ።»

«እትዬ ጽጌ፣ ሰው እኮ ጠርቻለሁ። ሱፍ ውስጥ ነው የሚንበረከኩት?»

«እንግዲህ መርዝ እንዳትረጭበት ብቻ። እዚህ አገር ለሣር ማማሪያ ክልክል ነው፤ ታውቃለህ መቼም።»

ደረጄ ሳቅ ብሎ ወደ ቤት ገባ። ሔርሞን ያንን ሳቅ ኋላ ነው ያስታወሰችው።

ሐሙስ የሳይንስ ፈተና ስለነበረባት ገና ሊነጋጋ ሲል ተነሣች። ደብተሯን ይዛ ወደ ኪችን ስትወርድ አንድ ሽታ አፍንጫዋን መታት። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል፤ ግን የሚበላ ነገር ሽታ አይደለም። በመስተዋቱ ስታይ አንድ ፊት የሌለው ሰው ጓሮው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። ለመጮኽ አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ የዝናብ ካፖርቱን አወቀችው። አባቷ ነው፤ ፊቱን በእናቷ ነጠላ ጠምጥሟል፤ ጀርባው ላይ መርጫ አዝሏል።

በሩን ከፈተች። «አባ? ምንድን ነው እሱ?»

ደንግጦ ዞረ። «ግቢ! በሩን ዝጊው!»

ሲጨርስ ወደ ኪችን ገብቶ እጁን ደጋግሞ ታጠበ። የረጨው ነገር የመጣበትን የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጠረጴዛው ሥር አስቀምጧል፤ ጽሑፍ የለበትም፣ ሥዕል የለበትም። ታቹ ላይ ቢጫ ፈሳሽ ቀርቷል።

«መድኃኒት ነው» አለ። «የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ያመጣልኝ ነው። ማላታይን ነው መሰለኝ። ወይ እሱን የመሰለ።»

«መሰለኝ? አባ፣ ምን እንደሆነ አታውቀውም ማለት ነው?»

«ልጆች ሆነን ቤቱ በሱ አልነበር እንዴ የሚረጨው? ለቁንጫው፣ ለትኋኑ። ተረጭቶ ሲያበቃ ለጥ ብለን እንተኛ ነበር። ምን ሆንን?»

«ስንት ነው ያደረግክበት?»

ነጠላውን አጣጥፎ ላስቲክ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሔርሙ፣ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር። እናትሽ ከሰማች ፕሮግራሙን ታስቀረዋለች። ውኃ በደንብ አጠጣዋለሁ፤ እስከ እሑድ ይታጠባል። እሺ?»

አባቷ ለምኗት አያውቅም። ያዛል፣ ይቆጣል፣ ይቀልዳል፤ አይለምንም። የገረማትም ያስፈራትም ይኼ ነው።

«እሺ» አለች። «ፕሮሚስ።»

ዓርብ ጠዋት በሲሚንቶው ላይ አንድም እጅ አልነበረም።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ጓሮው ውስጥ የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ደረጃው ላይ ቆማ መስማት ነበረባት። ድምፅ ነው የጎደለው። ፌንጣ የለም። ዝንብ የለም። በየጠዋቱ ሣሩ ላይ እየዘለለች ትል የምትለቅመው ደረተ ቀይ ወፍ የለችም። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ተሰልፈው የሚሄዱት ጉንዳኖች እንኳ ባሉበት ደርቀዋል፤ ሰልፋቸውን እንደያዙ። ከአጥሩ ባሻገር የእማማ ጽጌ ጫካ እዝ ይላል፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይቆማል። አንድ ሰው ሬዲዮ የዘጋ ያህል ነው።

ሣሩ ግን አረንጓዴ ነው። አባቷ የተነሡትን ቦታዎች መልሶ ረግጦ፣ በላዩ አዲስ የሣር ጥቅል ገዝቶ አንጥፎበታል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል።

«ሔርሙ!» እማማ ጽጌ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። «ይህ ሽታ ምንድን ነው ልጄ? ከትናንት ጀምሮ ራሴን ሊፈልጠው ነው። የማውቀው ሽታ ነው እኮ።»

ሔርሞን ፊቷ ሲግል ተሰማት። «ሳሙና ነው እማማ ጽጌ። አባ የዕቃ ሳሙና በጥብጦ ነው የረጨው። ኦንላይን ላይ አይቶ።»

«እንደሱ ነው?» አለች አሮጊቷ። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ። አፍንጫዬም አርጅቶ ይሆናላ።»

አመነቻት። ብትጠራጠር ይሻል ነበር። ማታ ላይ እማማ ጽጌ መዳፏን ዘርግታ መልሳ ጠራቻት። መዳፏ ላይ ንቦች አሉ። አንዷ በጀርባዋ ተኝታ እግሮቿን ቀስ ብላ ታጥፋለች፤ ትዘረጋለች።

«በአጥሩ በኩል ካሉት አበቦች ሥር ነው የለቀምኳቸው። ብርዱ ቀደመባቸው መሰለኝ፤ ምስኪኖች» አለች።

ሔርሞን «ይሆናል» ብላ ገባች። ራት አልበላችም። ቲጂ ግንባሯን ዳበሰቻትና ትኩሳት የለሽም አለቻት።

ቅዳሜን በሙሉ እዝራን ከሣሩ ስታርቅ ዋለች። ታብሌቷን ሰጠችው፣ ፓርክ ወሰደችው፣ ኳሱን ደበቀችበት። እሱ ግን በየመሐሉ ሄዶ መስተዋቱ ላይ ይለጠፋል።

«ልጆቹ ለምን አይመጡም?»

«ቤታቸው ሄዱ።»

«አልሄዱም» አለ እዝራ። «አንዱ ደረጃው ሥር ተኝቷል።»

ሔርሞን ወደ ውጭ ወጣች። ከጓሮው በር ወደ ሣሩ የሚያወርደው የእንጨት ደረጃ ሥሩ በርብራብ የተከለለ ነው። በርብራቡ ቀዳዳ አንድ ትንሽ ጥቁር እጅ ወጥቷል። መዳፉ ወደ ላይ ነው፤ ጣቶቹ ግማሽ ታጥፈዋል። ልክ እዝራ ሲተኛ እንደሚያደርገው። ራኩን እንደሆነ ታውቃለች፤ ጸጉሩም በስንጥቁ ይታያል፤ ቢሆንም ያንን እጅ እያየች ራኩን ነው ብላ ለራሷ መንገር አቃታት። አለቀሰች።

ደረጄ ጥቁር ላስቲክና ጓንት ይዞ መጣ። ከርብራቡ ወደ ወጣው እጅ ሲደርስ ጓንቱን አጠለቀ።

«መኪና ገጭቶት ይሆናል» አለ።

«አባ፣ ጓሮ ውስጥ መኪና ይገባል እንዴ?»

የላስቲኩን አፍ ሊቋጥር ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሔርሞን ወስዳ ቋጠረችለት።

«ነገ ብቻ ይለፍ» አለ ዓይኗን ሳያያት። «ሰኞ ለእናትሽ ራሴ እነግራታለሁ። ሰው ሁሉ መጣሁ ብሏል፤ ምን ብዬ ነው የምመልሳቸው? ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት ቀን እኮ ነው ሔርሙ።»

«እዝራም ግንባሩን ሣሩ ላይ ሊያደርግ ነው?»

«ታጥቧል እኮ አልኩሽ!» ጮኸባት። ከዚያ በጮኸበት አፈረ፤ ላስቲኩን ይዞ ሄደ።

እሑድ ከቸርች በኋላ ጓሮው ሞላ። ኪቦርድ መጣ፣ ስፒከር መጣ፣ ነጫጭ የፕላስቲክ ወንበሮች በአጥሩ ጥግ ተደረደሩ። እማማ ጽጌም ምንም እንኳ ኦርቶዶክስ ብትሆን ለጎረቤት ደስታ ነጭ ለብሳ መጥታ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሁሉም «እንዴት ያለ ሣር ነው! ተባረክ!» ይላል። ሽታው ቀንሷል። አንድ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ብቻ አየሩን አሸተት አሸተት አድርገው፣ ከየት የሚያውቁት ሽታ እንደሆነ ጠፍቷቸው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

መዝሙሩ ሲጋጋል ሔርሞን ደረጃው ላይ የእዝራን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ቆማለች። በመዝሙሩ መካከል በሚመጣው ዝምታ ሁሉ ጆሮዋን ታቆማለች። ይህ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ይህ ሁሉ ምግብ ባለበት፣ አንዲት ዝንብ እንኳ የለችም።

ፓስተር ዮሴፍ ማይኩን ያዘ። «እንግዲህ ወንድማችን ደረጄ ለጌታ የገባውን ቃል የሚፈጽምበት ሰዓት ደረሰ። ጫማችንን እናውልቅ።»

ደረጄ ከሁሉ ቀድሞ አወለቀ። ካልሲውንም አውልቆ ወደ ሣሩ መካከል ብቻውን ሄዶ ቆመ። ሰዎች እየተሳሳቁ፣ በአንድ እግራቸው እየቆሙ ጫማቸውን ሲሚንቶው ላይ ይከምሩ ጀመር። የልጆች ጫማ፣ የእናቶች ጫማ፣ የአንድ ጨቅላ ጫማ።

«ከመንበርከካችን በፊት ግን የቤቱ ልጅ ምስጋና ታቅርብ። ሔርሞን፣ ነይ እስቲ!»

ቲጂ ሳምንቱን ሙሉ አስጠንታታለች። ጌታ ከቤዝመንት አውጥቶ ለዚህ አበቃን፤ ከዚያ አጭር የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ፤ ከዚያ አመሰግናለሁ። ማይኩን ለመቀበል የእዝራን እጅ መልቀቅ ነበረባት። ለቀቀችው። በዚያች ቅጽበት ልጁ ጫማውን ወርውሮ በነጭ ልብሱ ደረጃውን ወረደ፤ ሣሩ ላይ በደረቱ ተኛና ጆሮውን መሬት ላይ አደረገ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ልጆቹ ዝም ብለዋል» አለ እዝራ።

ሔርሞን ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። እናቷ ከታች በፈገግታ እያየቻት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የመጀመሪያውን ቃል ልታስታውሳት ነው። አባቷም እያያት ነው። እሱ ግን አይስቅም።

«ጌታ ይመስገን» አለች።

«አሜን!»

«እባካችሁ ጫማችሁን መልሳችሁ አድርጉ።»

እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ቀልድ አለመሆኑን ከድምፅዋ ያወቁት ሳቃቸውን አቆሙ።

«ሣሩ ላይ መርዝ ተረጭቷል። ሐሙስ ነው። ምን ዓይነት መርዝ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።» ድምፅዋ በስፒከሩ ውስጥ የሌላ ሰው ሆኖ ይመጣባታል። «እማማ ጽጌ፣ ሳሙና አልነበረም። ዋሽቼዎታለሁ። ንቦቹም በብርድ አይደለም የሞቱት።»

እማማ ጽጌ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንዲት እናት ልጇን ከሣሩ ጫፍ ላይ መንጭቃ አነሣች። የጫማው ክምር ተተራመሰ፤ ሁሉም የራሱን ይፈልጋል። ቲጂ ወደ እዝራ ልትሮጥ ብትል በሰዉ መሐል ተያዘች።

ፓስተር ዮሴፍ ወደ ደረጃው ጠጋ አለ። ደግ ሰው ነው፤ በለሰለሰ ድምፅ ነው የጠየቃት። «ሔርሞን ልጄ፣ ማን ነው የረጨው? ተቀጥሮ የመጣ ሠራተኛ ነው?»

በሩ ተከፍቶላታል። «አዎ» ብትል ሁሉም ያምናታል፤ አባቷም ቀና ብሎ ቸርች ይገባል። ደረጄ በሣሩ መካከል በባዶ እግሩ ቆሞ፣ የእግሩ ጣቶች አፈሩን ጨብጠዋል። አሳዘናት፤ በጣም ነው ያሳዘናት። እወደዋለሁ ብላ አሰበች፤ ግን እሱን ወክላ አትዋሽም፤ እሱን ወክላም አትናዘዝም።

ደረጃውን ወረደች። ሣሩ ጫፍ ላይ ቆማ ክንዷ እስከቻለ ድረስ ማይኩን ወደ አባቷ ዘረጋችው።

ደረጄ ለመራመድ ጊዜ ወሰደበት። መጥቶ ማይኩን ተቀበላት፤ ወደ አፉም አስጠጋው። ስፒከሩ ትንፋሹን ብቻ እያጎላ ያሰማ ነበር። ከዚያ እዝራን አየው፤ አሁንም ጉንጩን ሣሩ ላይ እንዳጣበቀ ነው።

«እኔ ነኝ የረጨሁት» አለ ደረጄ። ማይኩን ጥሎ ልጁን ከመሬት አነሣውና እየሮጠ ወደ ቲጂ ይዞት መጣ። «ፊቱን እጠቢው፤ እጁንም፣ እግሩንም፣ አሁኑኑ! ቲጂ፣ አሁኑኑ እጠቢው!»